የሮል ፕሌይ ክለብ በአንድ ሲስተም ብቻ መጫወት አለበት?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ የሮል ፕሌይ ክለብ ነን። በፊት ሦስት የተለያዩ ቡድኖች ነበርን። አንዱ የዲኤንዲን (የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን) አምስተኛ እትም ይጫወታል። ሌላው ፓዝፋይንደርን። ሦስተኛው በስድስት ጎን ዳይስ ብቻ የሚሄዱ ትንንሽ ጨዋታዎችን። አሁን ተደምረን ወደ ሠላሳ ሰው ሆነናል። ከመስከረም ጀምሮ ሁሉም ጠረጴዛ ዲኤንዲ ብቻ ይጫወት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ግማሹ ደስ ብሎታል፣ ግማሹ እወጣለሁ እያለ ነው። አንድ ክለብ በአንድ ሲስተም መጠቃለል አለበት ወይ?»

መልሴን ላስቀድም። የለበትም። ይሁን እንጂ ሐሳቡን ያመጣው ሰው ያየው ችግር እውነተኛ ነው። ስለዚህ «ተዉት» ብዬ ብቻ አላልፍም። ክለብ አንድ ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ። እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ አንድ ሁለት ቃል። ሮል ፕሌይ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አብሮ ታሪክ የሚፈጥርበት ጨዋታ ነው። አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆናል። ዓለሙን ይገልጻል፣ ሌሎቹ የሚያገኟቸውን ሰዎች ሁሉ ይወክላል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ካራክተር፣ ማለትም በታሪኩ ውስጥ ያለ አንድ ሰው፣ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። የተባለው ነገር ይሳካል ወይስ አይሳካም የሚለው ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። ሲስተም የምንለው ያ ዳይስ እንዴት እንደሚጣል፣ ካራክተሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲቆስል ሲያድግ ምን እንደሚሆን የሚወስነውን የደንብ ስብስብ ነው። ዲኤንዲና ፓዝፋይንደር እያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ ሲስተም ናቸው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በክለባችሁ ውስጥ ካራክተር ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል? ማለትም አንዲት ልጅ ዛሬ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያሳደገችውን ተዋጊ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከማታውቀው ጨዋታ መሪ ጋር ይዛው ትቀመጣለች? የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የምትዞር ከሆነ አንድ ሲስተም ግዴታ ነው። የማትዞር ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው፤ ያ ምክንያት ደግሞ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ሳስቶ ይገኛል።

ይህን የምለው ከታሪኩ ተነስቼ ነው። ዲኤንዲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው የሠሩት። አሳታሚው ቲኤስአር በ1980 ተጫዋቾችን የሚያደራጅ ማኅበር አቋቋመ። ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቅ የተደራጁ ጨዋታዎች በሙሉ አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ሊቪንግ ግሬይሆክ የተባለው ከ2000 እስከ 2008 ሲካሄድ እውነተኛውን ዓለም በክልል በክልል ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክልል በጨዋታው ካርታ ላይ አንድ አገር ሰጠ። በአንድ ከተማ የተጫወተ ሰው ካራክተሩን ይዞ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አገር ሄዶ ይቀመጥ ነበር። የፓዝፋይንደር ሶሳይቲም በ2008፣ የዲኤንዲ አድቬንቸረርስ ሊግም በ2014 ሲጀመሩ መሠረታቸው ይኸው ነበር። ጨዋታ መሪው ካራክተሩን አይቶት አያውቅም። ተጫዋቹም መሪውን አይቶት አያውቅም። የሚያገናኛቸው ወረቀቱና ደንቡ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ደንቡ ቢለያይ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ያልቃል።

የእናንተ ክለብ እንደዚያ ነው? ሠላሳ ሰው ናችሁ። አምስት ወይም ስድስት ጠረጴዛ ማለት ነው። ሁሉም ሰው የሁሉንም ስም ያውቃል። እያንዳንዱ ጠረጴዛ የራሱን ታሪክ ይዞ ይሄዳል። ለሺዎች የተበጀውን መፍትሔ ለሠላሳ ሰው ማምጣት የሌላችሁን ችግር ለመፍታት ያላችሁን ነፃነት መክፈል ይሆናል። ገበጣን አስቡት። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የገበጣ አጨዋወት መዝግቧል። ከተለያየ አገር የመጡ ሁለት ሰዎች ገበጣ ላይ ሲቀመጡ «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» ተባብለው ተስማምተው ይጀምራሉ። ሕዝባችን ለብዙ ዓይነት ደንብ እንግዳ አይደለም።

እዚህ ላይ ለአንድ ሲስተም የሚቀርበውን ጠንካራውን ክርክር ሳላነሳ ባልፍ አላዋቂነት ነው። ክርክሩ ጨዋታ መሪ ነው። በየትኛውም ክለብ የሚያጥረው ተጫዋች አይደለም፤ መሪ ነው። አንዱ መሪ ፈተና ሲኖርበት፣ ወይም ቤተሰቡ ዘንድ ልቅሶ ሲሆን፣ ጠረጴዛው ይበተናል። ሁሉም አንድ ሲስተም ቢያውቅ ሌላው ገብቶ ይተካው ነበር ይባላል። ሲሰማ ልክ ነው።

በተግባር ግን ተተኪውን የሚያስቸግረው ደንቡ አይደለም። ታሪኩ ነው። አምስት ቅዳሜ የተሸመነ ሴራ፣ ማን ማንን እንደከዳ፣ ደብዳቤው የት እንደተደበቀ፣ ይህ ሁሉ ያለው በመሪው ጭንቅላትና በደብተሩ ውስጥ ነው። ደንቡን በቃሉ የሚያውቅ ሰው እንኳ መሀል ላይ ገብቶ አይቀጥለውም። ስለዚህ መሪ ሲቀር የሚያስፈልገው በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን የሚያልቅ ዝግጁ ጨዋታ ነው። ለዚያ ደግሞ ክለቡ በሙሉ የሚያውቀው አንድ ቀላል ጨዋታ ይበቃል። ሌላውን ሁሉ ማጥፋት አይጠይቅም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። ብዙ ሰው «ሲስተም ሲስተም ነው፣ ዋናው ታሪኩ ነው» ይላል። አልስማማም። ደንቡ የታሪኩን ቅርጽ ይለውጠዋል። በአንድ ትዕይንት ላሳያችሁ።

ዘመኑ የዳግማዊ ምኒልክ ነው። ቦታው አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማዋ ትልቁ ገበያ እዚያ ነበር፤ ወደ መርካቶ የተዛወረው በኋላ ነው። ሌሊት ነው። አንዷ ካራክተር የአንድ ነጋዴን ግቢ አጥር ዘላ ገብታ ደብዳቤ ልትወስድ ነው።

በዲኤንዲ አምስተኛ እትም ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ትጥላለች። አጥሩ መካከለኛ ችግር ነው እንበል፤ 15 ይጠይቃል። እሷ ለችሎታዋ 3 ትጨምራለች። ስለዚህ 12 ወይም ከዚያ በላይ መምጣት አለበት። ከ20 ዕድል 9ኙ የሷ ናቸው፤ 45 በመቶ ማለት ነው። ወይ ወጣች ወይ አልወጣች። ሌላ መልስ የለም። ካልወጣች ቀጥሎ ምን እንደሚሆን መሪው ከራሱ ማምጣት አለበት። ጎበዝ መሪ ያመጣል። ጀማሪ መሪ ግን «አልቻልሽም» ብሎ ዝም ይላል፤ ጠረጴዛውም አብሮት ዝም ይላል።

አፖካሊፕስ ወርልድ ከተባለው የ2010 ጨዋታ የወጡት ሲስተሞች ሌላ መንገድ አላቸው። ሁለት ተራ ዳይስ ትጥላለች፣ እንበልና 1 ትደምራለች። ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በንጹሕ ተሳክቶላታል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካላታል፤ ግን ዋጋ ትከፍላለች። ውሻ ይነቃል፣ ነጠላዋ እሾህ ላይ ይቀራል። 6ና ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ ይበላሻል፤ ታሪኩ ግን አይቆምም። አሥሉት። ንጹሑ ስኬት 28 በመቶ ገደማ ነው። ዋጋ ያለው ስኬት 44 በመቶ ነው። ብልሽቱ 28 በመቶ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መሀለኛው ነው። ይህ ማለት እያንዳንዱ ትዕይንት አዲስ ጣጣ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። የስርቆት፣ የሽሽት፣ የሐሜትና የክህደት ታሪክ በዚህ ሲስተም ይሞቃል።

ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ በተባለው የ2017 ጨዋታ ደግሞ እንደ ችሎታዋ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዳይስ ትጥላለች። የሚታየው ትልቁ ቁጥር ብቻ ነው። 6 ከሆነ ተሳካ፣ 4 ወይም 5 ከሆነ ከነጣጣው ተሳካ፣ ከዚያ በታች ችግር ነው። ከመጣሏ በፊት ግን ሁለት ነገር ከመሪው ጋር በግልጽ ይነጋገራሉ፦ አደጋው ምን ያህል ነው፣ ቢሳካስ ምን ያህል ይጠቅማል። ይህ ንግግር ለጀማሪ መሪ ትምህርት ቤት ነው። ሌላ ሲስተም የሚመራ ሰው እንኳ አንዴ ተጫውቶት ቢመለስ ይጠቅመዋል።

አንድ ሌላ ልዩነት ልጨምር፤ የጉዳት ነገር። በዲኤንዲ አንድ አሥረኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ 84 የሕይወት ነጥብ ቢኖረው የተለመደ ነው። ረጅም ሰይፍ በአንድ ምት፣ የተዋጊው ጉልበት ሳይደመር፣ ከ1 እስከ 8 ይቀንሳል። ይህ ሰው ጀግና ነው። መንገድ ላይ ሰይፍ ቢመዘዝበት ፈገግ ይላል። ኮል ኦፍ ክቱሉ በተባለው የአስፈሪ ምርመራ ጨዋታ ግን ካራክተራችሁ ብዙውን ጊዜ 11 ነጥብ አካባቢ አለው፤ አንድ ተራ ሽጉጥ ከ1 እስከ 10 ይቀንሳል። በአንድ ምት ግማሹን ካጣ ከባድ ቁስለኛ ነው። ስለዚህ በር ከመክፈታችሁ በፊት ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ። ፍርሃት የሚመጣው ከመሪው ድምፅ ብቻ አይደለም። ከዚያ 11 ቁጥርም ይመጣል። በዲኤንዲ የአስፈሪ ታሪክ መሞከር ይቻላል፤ ግን ደንቡ በእያንዳንዱ ቅዳሜ ይታገላችኋል።

ስለዚህ «ሁሉም ዲኤንዲ ይጫወት» ማለት «ሁሉም የጀግና ታሪክ ይጫወት» ማለት ነው። የጀግና ታሪክ ደስ ይላል። እኔም እወደዋለሁ። ሠላሳ ሰው ሁሉ ግን ሁልጊዜ እሱን አይፈልግም። ያ «እወጣለሁ» ያለው ግማሽ ምናልባት የሚያስከፋው የደንብ መጽሐፉ ላይሆን ይችላል። የሚወደውን ዓይነት ታሪክ እንዳያጣ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ጠይቁት።

ሌላው ነገር መተዳደሪያችሁን ከአንድ አሳታሚ ጋር ማሰር ነው። ዲኤንዲ ሦስተኛ እትሙ በ2000 ወጣ። በ2003 ታረመ። በ2008 አራተኛው መጣ፣ ብዙ ተጫዋች አልወደደውም፤ ፓዝፋይንደር በ2009 የራሱን ሙሉ መጽሐፍ ይዞ የወጣው የድሮውን ደንብ መሠረት አድርጎ ነው። በ2014 አምስተኛው መጣ። በ2024 እሱም ታድሶ ወጣ። ዛሬ «ዲኤንዲ ብቻ» ብላችሁ ብትወስኑ መጀመሪያ የሚነሳው ጭቅጭቅ «የ2014ቱ ነው የ2024ቱ?» የሚል ነው። ከጭቅጭቅ ለመዳን የወጣ ደንብ ራሱ ሌላ ጭቅጭቅ ይወልዳል።

በጥር 2023 እ.ኤ.አ. የሆነውንም ማስታወስ ይገባል። ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት፣ የዲኤንዲ ባለቤት፣ ሌሎች ሰዎች በደንቡ ላይ ተመሥርተው እንዲሠሩ ከ2000 ጀምሮ ይፈቅድ የነበረውን ፈቃድ ሊለውጥ ነው የሚል ረቂቅ ወጣ። ተጫዋቹ ተቆጣ። በዚያው ወር መጨረሻ ኩባንያው ሐሳቡን ትቶ መሠረታዊውን ደንብ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። መጨረሻው መልካም ሆነ። ሆኖም ያን ወር በሙሉ ሥራቸውን በአንድ ኩባንያ ደንብ ላይ የገነቡ ሰዎች እንቅልፍ አልነበራቸውም።

ከዚያ መልካም መጨረሻ ለእኛ የሚተርፍ ነገር አለ፤ ትልቅ ነገር ነው። ያ መሠረታዊ ደንብ አሁን ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ ማንም ሊተረጉመው፣ ሊያባዛው፣ ሊሸጠውም ይችላል። በአማርኛ አዘጋጅታችሁ ስድስት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ብታባዙት ማንም አይከሳችሁም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ግን የለበትም። ለምሳሌ ለእያንዳንዱ የካራክተር መደብ፣ ለተዋጊ እንበል፣ አንድ ንዑስ ዘርፍ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለመጀመር ይበቃል። የፓዝፋይንደር ቡድናችሁም ቢሆን ደንቡን አርካይቭስ ኦቭ ኔቲስ በተባለው፣ አሳታሚው ራሱ እውቅና በሰጠው ድረ ገጽ በነፃ ያገኘዋል።

ገንዘቡን እናንሳ፤ ምክንያቱም «አንድ ሲስተም ይረክሳል» የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። የ2014ቱ የዲኤንዲ የተጫዋች መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ያለው ዋጋ 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው። ዋና የሚባሉት መጻሕፍት ደግሞ ሦስት ናቸው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ለአንድ ተማሪ ምን እንደሆነ አትንገሩኝ። በዚያ ላይ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ያለው ሰው ስንት ነው? በነፃ የሚገኙ ጨዋታዎች ባሉበት ሁሉንም ሰው ወደ ውዱ መግፋት ክለቡን የባለ ዶላር ዘመድ ክለብ ያደርገዋል። ዳይሱም እንዲሁ ነው። ባለ ሃያ ጎን ዳይስ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚገባው። ስድስት ጎኑ ግን ከማንኛውም የሉዶ ሳጥን ይወጣል።

እንግዲህ አንድ ይሁን የምለው ምንድን ነው? በመጀመሪያ መግቢያው። ክለቡ ለአዲስ ሰው የሚያቀርበው አንድ ጨዋታ ይኑር፤ ሁሉም ነባር አባል የሚያውቀው፣ ሁሉም መሪ ሊመራው የሚችል። መመዘኛው ጥብቅ ይሁን። ካራክተር በአሥር ደቂቃ የሚሠራበት፣ በሉዶ ዳይስ የሚሄድ፣ ደንቡ አጭር የሆነ፣ ፈቃዱ መተርጎምን የሚፈቅድ። እኔን ብትጠይቁኝ ፌት አክሰለሬትድን እመርጣለሁ። ሃምሳ ገጽ ገደማ ነው። ፈቃዱም ክፍት ነው። አራት ዳይስ ነው የሚጣለው። ልዩ ዳይስ ቢኖረውም ተራው ይተካዋል፤ 1ና 2 ሲመጣ አንድ ይቀነሳል፣ 3ና 4 ባዶ ነው፣ 5ና 6 አንድ ይጨመራል። ካራክተሩ ስድስት የአሠራር መንገድ አለው፤ በጥንቃቄ፣ በብልሃት፣ በድምቀት፣ በጉልበት፣ በፍጥነት፣ በስውር። ለአንዱ 3፣ ለሁለቱ 2፣ ለሁለቱ 1፣ ለአንዱ 0 ይሰጣል። ቀላል ነው። እናቱ «ምንድን ነው የምትጫወተው?» ብትለው አንድ ልጅ ማዕድ ቤት ቆሞ ሊያስረዳት ይችላል።

አዲስ ሰው ሁለት ቅዳሜ በዚህ ይጫወት። ከዚያ ወደፈለገው ጠረጴዛ ይሂድ፤ ዲኤንዲም ይሁን ፓዝፋይንደር። መሪ ሲቀርም መውደቂያችሁ ይኸው ጨዋታ ይሆናል። የዲኤንዲ ብቻ ሐሳብ ሊፈታ የፈለገው ችግር ትልቁ ክፍል በዚህ ይፈታል።

ቀጥሎ የጠረጴዛ ልማዶች። እዚህ ላይ ጥብቅ ሁኑ፤ ከየትኛውም ሲስተም ይልቅ ክለብን የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም ይህ ነው። ሰዓት ይከበር። ብዙዎቻችሁ ፒያሳና ካዛንቺስ ከፈረሱ ወዲህ ርቃችሁ ሄዳችኋል። ከአራት ኪሎ ታክሲ ተሰልፎ ጀሞ ወይም ኮዬ ፈጬ የሚደርስ ሰው ታሪኩ ስለጣፈጠ ብቻ እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት ሊቀመጥ አይችልም። የመጨረሻው ዳይስ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ይጣል፤ በሁሉም ጠረጴዛ።

ከሰዓቱ የሚበልጠው ግን የሚነካውና የማይነካው ነገር ነው። ጆን ስታቭሮፖሎስ የሠራው ኤክስ ካርድ የሚባል ዘዴ አለ። ጠረጴዛው መሀል ላይ ኤክስ የተጻፈበት ወረቀት ይቀመጣል። ማንም ሰው ከነካው ትዕይንቱ ይታለፋል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። እኛ አገር ይህ ቅንጦት አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡት አምስት ሰዎች ማን በቅርቡ ጦርነት ወንድሙን እንዳጣ፣ ማን ከቤቱ እንደተፈናቀለ አታውቁም። ሰውየው ሊነግራችሁም አይገደድም። «መንደሩ ሲቃጠል ታያላችሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለአንዱ ጨዋታ ነው፣ ለሌላው አይደለም። ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት እያንዳንዱ ጠረጴዛ ስለ ብሔር፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ቅርብ ጦርነት ምን እንደማይገባ ይስማማ። ለምሳሌ በእውነተኛ ብሔር ስም ጠላት አይሠራ። ቅዱሳን ነገሮች መቀለጃ አይሁኑ። ይህን ክለቡ በሙሉ አንድ ያድርገው። ስለ አጋንንትና ስለ አስማት የሚሠጋ ወላጅም ካለ አትከራከሩት፤ አንድ ቅዳሜ መጥቶ ይቀመጥና ይይ።

ሦስተኛው አንድ ይሁን የምለው ነገር ወቅት ነው፤ ወቅት የምለው አንድ ታሪክ የሚቆይበትን ጊዜ ነው። የትኛውም ታሪክ ከስድስት ቅዳሜ አይብለጥ። በስድስተኛው ያልቃል ወይም ማረፊያ ላይ ይደርሳል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ክፍት ይሁን፤ ማንም መሪ አዲስ ጨዋታ ያቅርብ፣ ሰዉም ጠረጴዛ ይቀይር። የፓዝፋይንደሮቹ ቡድን እንደ ደሴት ለብቻው የሚቀረው ሰዉ የሚቀላቀልበት ቀን ስለሌለ ነው። በዚህ መንገድ ሰው የማይወደውን ነገር እንዲጫወት ሳይገደድ ሌላውን ይቀምሳል።

በዚህ ላይ እያንዳንዱ ነባር መሪ በየወቅቱ አንድ ሰው አጠገቡ ያስቀምጥ። ያ ሰው አንዱን ትዕይንት፣ ከዚያ አንዱን ሙሉ ቅዳሜ ይምራ። የመሪ እጥረት የሚያልቀው እንዲህ ነው። በተለይ ሴት ልጆች እንዲመሩ አበረታቱ። ብዙ ክለብ ውስጥ ደንቡን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ሆነው ሳለ «አንቺ ምሪ» የሚላቸው የለም።

አንድ ሲስተም ይሁን የምልበት ሁኔታም አለ። ክለባችሁ ስምንት ሰውና አንድ መሪ ብቻ ቢሆን ምርጫም የለም፤ መሪው የሚያውቀውን ተጫወቱ። ሁለተኛው ደግሞ ደስ የሚል ነገር ነው። ሦስት ጠረጴዛዎች አንድ ዓለም ቢጋሩስ? የምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን አንድ ካርታ ላይ ሥሩት። አንዱ ጠረጴዛ አራዳ፣ ሌላው ቤተ መንግሥቱ አካባቢ፣ ሦስተኛው ፍልውሃ ይጫወት። ካራክተሮቹ ይዘዋወሩ፣ አንዱ ቡድን ያቃጠለውን ቤት ሌላው አመዱን ያግኝ። ያኔ ካራክተር ይዞራል፤ ስለዚህ እነዚያ ሦስት ጠረጴዛዎች አንድ ሲስተም፣ አንድ እትም፣ አንድ የተጻፈ መዝገብ ያስፈልጋቸዋል። ዲኤንዲ ቢመርጡ እሰየው። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ግን የመረጡትን ይቀጥሉ።

ለስብሰባው ይህን ብታደርጉ ደስ ይለኛል። «ዲኤንዲ ብቻ ወይስ አይደለም» የሚል ድምፅ አትስጡ። ግማሽ በግማሽ በተከፈለ ክለብ ውስጥ ያሸነፈው ወገን ጠረጴዛ እንጂ ሰው አያገኝም። በምትኩ የመግቢያውን ጨዋታና የጠረጴዛ ልማዶቹን አቅርቡ፤ በሁለቱ ላይ ብቻ ተስማሙ። ሐሳቡን ያመጣውን ሰው የጋራውን ዓለም እንዲመራ ጋብዙት፤ አንድነት የሚፈልግ ሰው ለዚያ ሥራ ይሆናል። እያንዳንዱ መሪ በአንድ ወረቀት የሚጫወተውን ሲስተም፣ የታሪኩን ዓይነትና ተጫዋቹ አስቀድሞ ስንት ገጽ ማንበብ እንዳለበት ጽፎ ይለጥፍ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሁለት ወቅት ይወጣዋል። ከገና በፊት ተሰብሰቡና ሁለት ነገር ቁጠሩ፦ ከአዲስ መጪዎቹ ስንቱ ለሦስተኛ ቅዳሜ ተመልሶ መጣ፣ ስንት አዲስ መሪስ ተገኘ። ሁለቱም ካልጨመሩ ጥያቄውን እንደገና ላኩልኝ፤ ያኔ የምናየው የትኛው ጠረጴዛ ላይ ሰው እንደቀነሰ ይሆናል።